«አዲሱ ገበያ» በጥቁሩ መስኮት

ከፒያሳ ሽቅብ ወደ ሰሜን ሲወጡ፣ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ከመያዝ በፊት አዲሱ ገበያ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር ተመርቶ ሰው ቤት የሚደርስ እምብዛም ነውና፣ በክሊኒክ ካርድም ሆነ በተማሪ መዝገብ ላይ ዋናው አድራሻ የሰፈር ስም ነው። ያ መዝገብ ዛሬ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቷል። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ በስክሪኗ ላይ «አዲሱ ገበያ» የሚለውን አጥርታ ታነባለች። የኮምፒውተር ባለሙያው ያንኑ መዝገብ በኮማንድ ላይን ሲከፍተው ግን «??? ???» ይመጣበታል።

ኮማንድ ላይን ማለት ሥዕልም ማውዝም የሌለበት፣ ትእዛዝ እየጻፉ መልስ የሚያነቡበት ጥቁር መስኮት ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ፒኤስኪውኤል፣ ኦራክል ኤስኪውኤል ፕላስ፣ ማይኤስኪውኤልም በራሱ ስም የሚጠራ የየራሳቸው መስኮት አላቸው። ሩቅ ያለ ሰርቨርን በደካማ ኢንተርኔት ለመክፈት ከዚህ የሚሻል መሣሪያ የለም። ፊደላችን ግን ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ ሊያስተካክል ገብቶ መዝገቡን ያበላሸዋል።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ «ሀ» 4608 ቁጥርን፣ «አ» 4768ን ይዘዋል። እነዚህ ቁጥሮች ዲስክ ላይ የሚሰፍሩት አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ነው፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ነው። በዚህ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው የእኛ ሦስት ይፈልጋል። «አ» 225፣ 138፣ 160 ሆኖ ይቀመጣል። እንግዲህ «አዲሱ ገበያ» ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነውና 19 ባይት ይወስዳል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ።

እነዚያ 19 ባይቶች ከዲስክ ተነሥተው ዐይን እስኪደርሱ በአራት እጅ ያልፋሉ፦ በዳታቤዙ፣ በግንኙነቱ፣ በመስኮቱና በፎንቱ። ከአራቱ አንዱ ብቻ ካልተስማማ ጽሑፉ ይበላሻል፤ የት ላይ እንደተበላሸ የሚጠቁመው የብልሽቱ መልክ ነው።

በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ነገሩ ቀላል ነው፤ ባይቶቹ በደህና ደርሰዋል፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት ይዞ ቢመጣም አሮጌው ጥቁር መስኮት ከተመረጠለት ፎንት ውጪ ከሌላ አይበደርም፤ አዲሱ ዊንዶውስ ተርሚናል ግን ይበደራል። ሊኑክስ ላይ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ መጫን ይበቃል። መስኮት እንኳን በሌለው የሊኑክስ ኮንሶል፣ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ መያዝ በማይችለው ላይ ሳይቀር፣ ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ጥቅል ውስጥ «ጎሃ» የተባለ የኢትዮጵያ ፎንት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ይህን ያሰበልን ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ለአንድ ፊደል ሦስት እንግዳ የላቲን ምልክቶች ከተደረደሩ መስኮቱ ሦስቱን ባይት እንደ ሦስት ፊደል አንብቧል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ መስኮቱን ወደ ኮድ ፔጅ 65001 መለወጥ፣ ዳታቤዙንም በዩቲኤፍ 8 እንዲያወራ ማዘዝ ያስተካክለዋል። እዚህ ላይ የቆየ መዝገብ የሚከፍት ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ እትሞች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ ያሳርፉት ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ መዝገብ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ላቲን ይመስላል እንጂ አልተበላሸም፤ የሚፈልገው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው።

የሚያስፈራኝ የጥያቄ ምልክቱ ነው። የጥያቄ ምልክት ማለት አንዱ እጅ «ይህን ፊደል አላውቀውም» ብሎ በቦታው ሌላ ተክቷል ማለት ነው። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው በስሕተት መልእክት ይቆማል፤ ማይኤስኪውኤል ግን ምልክቱን ተክቶ ዝም ብሎ ያሳያል። ሲታይ ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። ሲጻፍ ከሆነ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከጽሑፉ ፊት «ኤን» የምትባለዋን የላቲን ፊደል መዝለል ብቻ ለዚህ ይበቃል፤ ዳታቤዙ የተዘጋጀው ለላቲን ከሆነ አንድም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል።

ያ ሲሆን የሚጠፋው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። «አዲሱ ገበያ»፣ «አዲስ ከተማ»፣ «አቃቂ ቃሊቲ» ሦስቱም «??? ???» ይሆናሉ። ጉለሌ፣ አራዳ፣ ልደታ ሦስቱም «???» ናቸው፤ አበበም ከበደም ጫልቱም እንዲሁ። ከከተማው አንድ ጫፍ ያለ ታካሚና ከሌላው ጫፍ ያለ ታካሚ በአንድ አድራሻ ይገናኛሉ። መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ከሌለ ደግሞ የትኛውም ጠቢብ ከጥያቄ ምልክት ውስጥ ፊደል አያወጣም።

ስለዚህ ባለሙያው ምንም ከመንካቱ በፊት ዳታቤዙን መጠየቅ አለበት፤ ፊደሉን ሳይሆን የባይቱን ብዛት። ዋና ዋናዎቹ ዳታቤዞች ይህን የሚቆጥር ትእዛዝ አላቸው። ለ«አዲሱ ገበያ» መልሱ 19 ከሆነ መዝገቡ በአብዛኛው ደህና ነው፤ ችግሩ ከዳታቤዙ ወዲህ፣ በመንገዱ ወይም በመስኮቱ ላይ ነው። 7 ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ሆኗል፤ የባይቱ ቁጥር 63 መሆኑን ካዩ እርሱ የጥያቄ ምልክት ነው፣ ወደ ባክአፕ መሮጥ ነው። 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈው እንደ ላቲን ተቆጥሮ ዳግመኛ ወደ ዩቲኤፍ 8 ተቀይሯል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። እኔ ብሆን ይህን ፍተሻ አማርኛ ዳታ ለሚነካ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አስተምረው ነበር።

ሁሉ ተስተካክሎም አንድ ቅሬታ ይቀራል፤ የሰንጠረዡ መስመሮች ይጣመማሉ። ጥቁሩ መስኮት (ተርሚናል) ለእያንዳንዱ ፊደላችን የአንድ ላቲን ፊደል ስፋት ይመድባል፤ «ጨ»ም «ጧ»ም በዚያ አይበቃቸውም። መዝገቡን ወደ ታች በቁመት የሚዘረዝረውን አማራጭ መጠቀም ዐይንን ያሳርፋል።

አዲስ ዳታቤዝ ለሚከፍቱ ግን አንድ ጥንቃቄ እጨምራለሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላትን አስገብቷል፤ እነዚህ ከሦስት ባይት አልፈው አራት ይወስዳሉ። ማይኤስኪውኤል በድሮው «ዩቲኤፍ 8» ስም የሚጠራው አጻጻፍ ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። «ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4» የሚባለው ግን ይቀበላል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው 8.0 እትም ወዲህ ፕሮግራሙ ሲጫን ይዞት የሚመጣውም እርሱ ነው። በቆየ ሰርቨር ላይ ያለው ዓምድ ግን ባለቤቱ ካልለወጠው በስተቀር እንደነበረ ይቆያል።