ጄኪዌሪን ልተወው ወይስ ላቆየው?

የአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መመዝገቢያ ድረ ገጽ እንዳድስ ሥራ ስይዝ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጄኪዌሪ ላይ ነው። ሙያውን የለመድኩት በእሱ ስለሆነ አውጥቼ ልጥለው እጄ አልታዘዘልኝም።

ጄኪዌሪ ጆን ሬሲግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የተዘጋጀ የጃቫስክሪፕት ኮድ ነው። ያኔ በፋየርፎክስ የሚሠራ ገጽ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይበላሽ ነበር፤ ጄኪዌሪ መሀል ገብቶ አስታረቃቸው። ዛሬ ብሮውዘሮቹ ራሳቸው በጋራ መስፈርት ይግባባሉ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ ወጥቷል። ታምቆ እንኳ ወደ 30 ኪሎባይት የሚሆነውን የጄኪዌሪ ፋይል በሞባይል ዳታ በሚከፍት ወላጅ ላይ ለምን ልጫን?

የልደት ቀን ሳጥኑ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። አሮጌው ገጽ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በራሳችን አቆጣጠር የሚያስመርጠው በጄኪዌሪ ላይ በተሠራ ተጨማሪ ኮድ ነው። አዲሱ ጃቫስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ያውቃል፤ የኤችቲኤምኤል የቀን ሳጥን ግን በስልኬ ስሞክረው ያቀረበልኝ የፈረንጆቹን ነው። እናት የልጇን ልደት ጳጉሜን 3 ብላ ነው የምታውቀው። ወደ ፈረንጅ ስትመልሰው ብትሳሳት ስህተቱ በልጁ መዝገብ ላይ ይቀራል። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚመረጥባቸው ሦስት ተራ ዝርዝሮች ሠራሁ፤ ወሩ ጳጉሜን ሲሆን ቀኑ ከ5፣ በዘመነ ሉቃስ ከ6 አያልፍም። ጄኪዌሪም ከገጹ ወጣ። አሮጌ ገጽ የያዛችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ከመንቀላችሁ በፊት ማን ምን እንደሚሞላበት ቁጭ ብላችሁ እዩ።