የወንዝ ጤንነት እንዴት ይመዘናል? ስለ ጉማራና ስለ ርብ

ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ የሚገቡ ሁለት ወንዞች ናቸው። የወረታ ከተማ በሁለቱ መካከል ትገኛለች። የሜዳው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ በበጋ ሽንኩርቱን በሞተር እየሳበ የሚያለማው፣ ዓሣም የሚያጠምደው ከነዚሁ ወንዞች ነው። ስለዚህ ወንዙ ጤነኛ ነው ወይስ ታሟል የሚለው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብን ኑሮ ይነካል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በምን ዘዴ እንደሚመለስና፣ ከሌላ አገር የመጣ መለኪያ ሳይመረመር ቢሠራበት ለምን እንደሚያሳስት በአጭሩ ያስረዳል።

1. የውሃው ምርመራ

የተለመደው መንገድ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ኦክሲጅኑን፣ ሙቀቱን፣ ድፍርስነቱን፣ የናይትሮጅንና የፎስፎረሱን መጠን መለካት ነው። እዚህ ላይ ከፍታን መዘንጋት አይገባም። ንጹሕ ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ደረጃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። የጣና ዳርቻ ግን 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ያው ውሃ እዚህ ጠግቦ የሚይዘው 7.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። እንግዲህ 7 ያገኘ ተማሪ በቆላ አገር ሠንጠረዥ ቢመዝነው ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ውጤቱን በሙሌት መቶኛ መግለጽ ይሻላል።

ሰዓቱም ያው ነው። የውሃ ዕፀዋት ቀን ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን መተንፈስ ብቻ ስለሆነ ውሃው እጅግ የሚደኸየው ሊነጋጋ ሲል ነው። በቀትር ብቻ የለካ ሰው ይህን አያየውም። ከሁሉም በላይ ጠርሙስ የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰኞ ከማሳ ታጥቦ የወረደ የተባይ መርዝ ሐሙስ በተቀዳ ውሃ ላይገኝ ይችላል።

2. የጥቃቅን እንስሳት ምስክርነት

ይህን ጉድለት የሚሞሉት በወንዙ ወለል ለወራት የሚኖሩት አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ናቸው። ጀርመናውያኑ ኮልክቪትስና ማርሶን እ.ኤ.አ. በ1908 እና በ1909 ባወጡት ሥራ ፍጥረታትን በብክለት መመስከሪያነት በሥርዓት መደቡ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መረብ ወደ ላይኛው ፈሳሽ አዙሮ መያዝ፣ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ለተወሰነ ደቂቃ በእግር ማተራመስ፣ የተያዘውን በነጭ ትሪ ላይ ለይቶ በየቤተሰቡ መቁጠር ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ስሱነቱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ የነጥቡ ድምር ለቤተሰቦቹ ቁጥር ሲካፈል የወንዙ ማዕርግ ይገኛል።

በጅራታቸው ብዙ ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ክር ያላቸው የኤፌሜሮፕቴራ እጮችና፣ አንዳንዶቹ ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት የሚሠሩት የትሪኮፕቴራ እጮች በአመዛኙ ንጹሕ ውሃ ይወዳሉ። ቀዩ የኪሮኖሚድ እጭ ግን በደሙ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክሲጅን ባነሰበት ጭቃ ይኖራል። እርሱ ብቻውን በዝቶ ሲገኝ የሕመም ምልክት ነው።

እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፕሌኮፕቴራ ወገን በአውሮፓ ብዙ ቤተሰብ ሲኖረው በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ አለመገኘቱ በወንዙ ላይ እንደ ጥፋት ሊቆጠርበት አይገባም።

3. ከማን ጋር ይነጻጸር?

ጉማራ በደጋው ጠጠር ላይ ይፈጥናል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ በተፈጥሮው ይዘገያል፤ ወለሉም ጭቃ ይሆናል። የሜዳውን ክፍል በደጋው መመዘን ሽማግሌን በጎረምሳ ጉልበት እንደ መመዘን ነው። የሚነጻጸረው ከራሱ ዓይነት ጋር፣ ማለት ዳርቻው ያልታረሰና ዛፉ ያልተቆረጠ የሜዳ ክፍል ተፈልጎ ነው። ወራቱም አንድ ይሁን፤ የክረምቱ ሙላት ወለሉን ስለሚጠርገው ከኅዳር ወዲህ መሰብሰቡ ይመረጣል።

4. የፎገራ ወንዞች ሕመም

በፎገራ ጎልቶ የሚታየው ሕመም የአፈር መታጠብ ነው። ከታረሰው ተዳፋት አፈር ይወርዳል፤ አሸዋ ከወለሉ ይዛቃል፤ እርሻ እስከ ወንዙ አፋፍ ይደርሳል፤ በበጋም ሞተሩ ውሃውን ያሳንሰዋል። ውሃው በኦክሲጅን ደኅና ሆኖ ሳለ የድንጋዮቹ መካከል በደለል ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ መርማሪው በደለል የተሸፈነውን የወለል ክፍል ገምቶ መመዝገብ አለበት።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ዓሦቹ ያሳያሉ። በጣና ላቤዎባርበስ ከሚባሉት ዓሦች በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ተገልጸዋል። ከነርሱ ቢያንስ ሰባቱ በክረምቱና በማግስቱ ወደ ወንዞች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። በወንዙ አፍ የሚዘረጋው መረብና የሚበተነው የብርብራ ዱቄት ወላጆቹን ይፈጃል፤ ደለሉ ደግሞ ዕንቁላሉን ያፍናል። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታወቀውን እምቦጭ ይቀልባል።

5. ማጠቃለያ

በየወንዙ ሦስት ስፍራ፣ አንዱ በጠጠሩ ደጋ፣ አንዱ በመኪናው መንገድ ድልድይ አጠገብ፣ አንዱ ወደ ጣና አፍ ተመርጦ፣ በየዓመቱ በዚያው ወር በዚያው ዘዴ ቢቆጠር ወጪው መረብ፣ ትሪና ጥቂት አልኮል ነው። ባሕር ዳርና ደብረ ታቦር ላሉት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ሥራው ሩቅ አይደለም። የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ተከታትሎ የተጻፈ የዓመታት መዝገብ ግን ወንዙ እየዳነ ወይም እየከፋበት መሆኑን ይለያል። ውጤቱም በቤተ መጻሕፍት ከመቀመጡ አስቀድሞ ውሃውን ለሚጠቀመው ገበሬ ይነገር።