የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ዕውቅናና የከፍተኛ ትምህርት ዓለም አቀፍ ትብብር

የከፍተኛ ትምህርት በአንድ አገር ድንበር ተወስኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በአንዱ አገር የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘ ወጣት ሁለተኛውን በሌላ አገር ይከታተላል፤ በሦስተኛ አገርም ሥራ ይይዛል። ይሁንና የያዘው ማስረጃ ከወጣበት አገር ውጭ የሚኖረው ዋጋ የሚወሰነው በላዩ ላይ በሰፈረው ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ማስረጃውን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት በሰጪው ተቋም ላይ ባለው እምነት ጭምር ነው። ተገቢውን ዕውቅና የተነፈገ ዲግሪ ለባለቤቱ የዓመታት ድካም፣ ላስተማረው ቤተሰብና ለአገሩም የሀብት ብክነት ይሆናል።

ይህንን ችግር ለመፍታት መንግሥታት በዋናነት ሁለት መንገዶችን ተከትለዋል። አንደኛው የትምህርት ሥርዓቶችን አወቃቀር ማቀራረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በማስረጃ ዕውቅና አሰጣጥ ላይ አስገዳጅ ስምምነት መፈራረም ነው።

ለመጀመሪያው መንገድ ጎልቶ የሚጠቀሰው የቦሎኛ ሂደት ነው። 29 የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ በፈረሙት መግለጫ የዲግሪ አወቃቀራቸውን ለማቀራረብ ተስማሙ። በሂደቱም የመጀመሪያ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ እርከኖች ተዘርግተዋል። የትምህርቱ መጠን የሚለካውም መምህሩ ክፍል ውስጥ በሚያሳልፈው ሰዓት ሳይሆን ተማሪው በሚያከናውነው አጠቃላይ ሥራ ነው። በዚህ ስሌት የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይወክላል። ለመጀመሪያ ዲግሪም በተለምዶ ከ180 እስከ 240 ክሬዲት ይጠየቃል። ከዚህ እንደሚታየው አገሮቹ የሦስት ዓመቱንም የአራት ዓመቱንም ዲግሪ በአንድ እርከን ሥር አስቀምጠዋል። መቀራረብ ማለት አንድ ዓይነት መሆን ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

ሁለተኛው መንገድ በሊዝበን ስምምነት ይገለጻል። የአውሮፓ ምክር ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በጋራ ያዘጋጁት ይህ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈርሟል። ያመጣው ትልቅ ለውጥ የማስረዳት ኃላፊነትን የሚመለከት ነው። ቀደም ሲል በነበረው ልማድ ዲግሪው ከአገር ውስጡ ጋር እኩል መሆኑን ማሳየት የሚጠበቅበት አመልካቹ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ግን ማስረጃው ዕውቅና የሚነፈገው መርማሪው አካል መሠረታዊ ልዩነት መኖሩን ሲያሳይ ነው። የኮርሶች ስም አለመመሳሰል ወይም የትምህርቱ ዘመን በጥቂቱ ማጠር ብቻውን በቂ ምክንያት ተደርጎ አይወሰድም። ጥያቄው "ተመራቂው ምን ያህል ዓመት ተማረ?" ከሚለው ይልቅ "ምን ዕውቀትና ችሎታ ይዞ ወጣ?" ወደሚለው አዘንብሏል።

በአፍሪካም ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሩሻ የጸደቀው አህጉራዊ ስምምነት ተሻሽሎ በታኅሣሥ 2014 በአዲስ አበባ አዲስ ስምምነት የጸደቀ ሲሆን፣ ስምምነቱ በታኅሣሥ 2019 በሥራ ላይ ውሏል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመጋቢት 2023 ሥራ ላይ ውሏል። እነዚህ ስምምነቶች ሙሉ ሰነድ ማቅረብ የማይችሉ ስደተኞች የሚስተናገዱበትን ሁኔታም አካተዋል።

የዓመታት ቁጥር ብቻውን መመዘኛ እንደማይሆን ለመረዳት የኢትዮጵያን ተሞክሮ መመልከት ይጠቅማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ 11ኛና 12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደዚያ እንዲወርድ ተደረገ። በመሆኑም በበርካታ መስኮች የመጀመሪያ ዲግሪ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የትምህርቱ ዘመን ወደ አራት ዓመት ከፍ ብሏል። በመሆኑም በተለያየ ዘመን ከአንድ ትምህርት ክፍል የተመረቁ ኢትዮጵያውያን የተለያየ የትምህርት ዘመን የተጻፈበት ማስረጃ ይዘው ይገኛሉ። የሥርዓቱን ታሪክ የማያውቅ የውጭ አገር መርማሪ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ያለአግባብ ዝቅ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። የእኛ መሥሪያ ቤቶችም የሌሎችን አገሮች ማስረጃ ሲመዝኑ በተመሳሳይ ስሕተት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።

ይህ ሲባል ግን ዕውቅና በጭፍን ይሰጣል ማለት አይደለም። የስምምነቶቹ መሠረት እምነት ሲሆን፣ እምነት ደግሞ የሚገነባው በጥራት ማረጋገጫ ነው። የማስረጃው ትክክለኛነት፣ የሰጪው ተቋም ሕጋዊነትና የፕሮግራሙ ፈቃድ አስቀድመው መጣራት ይኖርባቸዋል። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 በተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ሲመራ ቆይቶ፣ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ኃላፊነት ሆኗል። ከውጭ አገር ለሚመጡ ማስረጃዎች የአቻ ግምት የሚሰጠውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። በተጨማሪም የትምህርት ዕውቅናና የሙያ ፈቃድ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። የሕክምና ዲግሪው ዕውቅና ያገኘ ሰው በሐኪምነት ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።

በአጠቃላይ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ፍሬ የሚያፈሩት በስብሰባ አዳራሽ ሲጸድቁ ሳይሆን ማስረጃ በሚመረመርበት ጠረጴዛ ላይ ተግባራዊ ሲሆኑ ነው። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ይዘት፣ ደረጃና የክሬዲት መጠን በግልጽ የሚያብራራ መግለጫ ከዲግሪው ጋር አያይዘው መስጠት ይጠበቅባቸዋል። መርማሪ አካላት መስፈርታቸውን አስቀድመው ይፋ ማድረግ፣ ውሳኔያቸውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ፣ ጥያቄውን ሲከለክሉም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽና የቅሬታ ማቅረቢያ መንገድ ማመቻቸት ይኖርባቸዋል። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶችም በማስረጃው ላይ የሚታየውን የዓመት ቁጥር ብቻ ተመልክተው ከመወሰናቸው በፊት፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቅርበው ማጣራት ይገባቸዋል።