ስለ ሌሊት ጉዞና ስለ ነጂው እንቅልፍ

በልጅነቴ በደብራችን ዲያቆን ሳለሁ፥ በዓመት በዓል ማኅሌት ቆመን በምናድርበት ሌሊት እንቅልፍ እንዴት ይመጣብኝ እንደ ነበረ ገና አልረሳሁትም። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሁሉም ብርቱ ነው፤ ከበሮው ይመታል፥ ጸናጽሉም ይንሿሿል፥ ዓይንም አይከደንም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲያልፍ ግን መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ፥ ጆሮዬ ዜማውን እየሰማ፥ አፌም ከሌሎቹ ጋር እየተቀበለ፥ ጉልበቴ ድንገት ይከዳኝና ደንግጬ እነቃለሁ። እንደ ተኛሁ የማውቀው ስነቃ ብቻ ነበር። ይህን ያዩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ፥ «ልጄ፥ የሌሊት ብርታት የሚገኘው በሌሊት አይደለም፤ በቀን ነው» አሉኝ። እርሳቸው ማኅሌት በሚቆምበት ዋዜማ ከቀትር በኋላ በራቸውን ዘግተው፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኙ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ ግን ይህን ከስንፍና ቈጥረን በስውር እንሥቅባቸው ነበር።

ክቡራን አንባብያን፥ መቋሚያ ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው ቢበዛ በጐረቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የመኪና መሪ ይዞ የሚያንቀላፋ ሰው ግን ብቻውን አይወድቅም። ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ቤተ ሰብ ላይ የደረሰውን አይቼ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ቀን፥ የቅዱስ ገብርኤል በዓል እሑድ ውሎ ነበር። የእኅቴ ባል በራሱ መኪና እኅቴን፥ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ይዞ ወደ ቁልቢ ለመሄድ ቅዳሜ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሣ። ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በበዓሉም ሰሞን መኪናው እንደ ጉንዳን ተያይዞ ስለሚሄድ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነበር። ያን ሌሊት ሁላችንም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቆመን አደርን። በማግሥቱ ታቦቱ ወጥቶ፥ ዑደት ተደርጎ፥ ቅዳሴው ሲያልቅ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ከዚያም የጾም ነውና ሽሮና ምስር በልተን፥ ከመኪናው ብዛት መውጫ አጥተን ስንጠባበቅ ቈይተን፥ ወደ 11 ሰዓት ገደማ የመልስ ጉዞ ጀመርን። ነጂያችን በዚያች ሰዓት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 37 ሰዓት ያህል ነቅቶ ነበር። በመካከሉ ተቀምጦ ካሸለበው በቀር ጐኑን አላሳረፈም።

በተራራው መንገድ ላይ ምንም አልሆነም። በሒርናና በጭሮ በኩል ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ነጂውን ሥራ አያስፈታውም፤ ገደሉም ራሱ ያነቃዋል። ከሚኤሶ ወዲህ ግን ሜዳው ይጀምራል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፥ አየሩም ይሞቃል፥ ግራና ቀኙም ጨለማና ግራር ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አማቼ ወደ እኔ ዞር ብሎ፥ «ጋሼ፥ ትንሽ ላቁም ወይ? ዓይኔን ከብዶኛል» አለኝ። እኔም በማግሥቱ ጠዋት በ2 ሰዓት ተማሪዎቼ ፊት መገኘት ነበረብኝና፥ «አይዞህ፥ አዋሽ ለመድረስ እኮ ትንሽ ነው የቀረን» አልሁት። ጥቂት ቈይቶ ሁለተኛ ጠየቀኝ። ሁለተኛም ያንኑ መለስሁለት። ከዚያም እኔ ራሴ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በጠጠሩ ድምፅ ነው። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ፥ አንድ የድንጋይ ክምር መትቶ በጐኑ ተኛ። ልጆቹን እግዚአብሔር አተረፈልን፤ የእኅቴ ግራ ክንድ ግን በሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዛሬም ቢሆን ውሃ የሞላ ጀሪካን በዚያ እጇ ማንሣት አትችልም። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አማቼን ወቀሰ፤ መሪውን የያዘው እርሱ ነበርና። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወቀሳውን ተቀበለ። ሁለት ጊዜ ላቁም ብሎ እንደ ጠየቀኝ ለማንም አልተናገረም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ እንቅልፍ ሊቃውንቱ የጻፉትን መፈለግ የጀመርሁት። እነርሱ እንደሚሉት፥ ሰው ነቅቶ በቈየ መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጐሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የእንቅልፍን ክብደት ከሚያመጡትም አንዱ ይህ ነው። ይህ ዕዳ በእንቅልፍ ካልሆነ በቀር በሌላ በምንም አይከፈልም። በዚህ ላይ ሰውነታችን የራሱ የሆነ ሰዓት ስላለው፥ ሌሊት ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ፥ ደግሞም ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ እንቅልፍ ያዘነብላል። መሪጌታው መቼ እንደሚተኙና እኔ መቼ ጉልበቴ እንደሚከዳኝ ይህ ሰዓት አስቀድሞ ወስኖታል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የጥቂት ሰከንዶች እንቅልፍ ነው። የደከመ ሰው ዓይኑ እንደ ተገለጠ እንኳ ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ያህል አንጐሉ ሊተኛ ይችላል፤ ነቅቶም መተኛቱን ላያውቅ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ትጓዛለች። እንግዲህ በአራት ሰከንድ ወደ 90 ሜትር ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙም አያንስም። ያን ሁሉ መንገድ መኪናዋ ያለ ነጂ ሄደች ማለት ነው። በመንገዳችን ላይ ደግሞ የተበላሸ የጭነት መኪና ያለ መብራት ቆሞ፥ ለምልክት ቅጠልና ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት ማየት የተለመደ ነው። መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ እዚያው የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

በ1997 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ዶውሰንና ሪድ የተባሉ በአውስትራልያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቈየ ሰው የእጁና የአእምሮው ቅልጥፍና፥ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ፤ 24 ሰዓት የነቃው ደግሞ 0.10 ከመቶ እንዳለበት ሰው ሆነ። ይህን ሳነብ ያዘንሁት በራሳችን ልማድ ነው። ዐረቄ የጠጣ ሰው ቁልፉን ሲያነሣ ብናይ ሽማግሌም ሆነ ልጅ ተነሥቶ ይለምነዋል፤ ሁለት ሌሊት ያልተኛውን ነጂ ግን «ወንድ ነው፥ እንቅልፍ አያውቅም» ብለን እናመሰግነዋለን።

ነጂዎቻችን እንቅልፍን ለማባረር የማያደርጉት ነገር የለም። መስኮት ይከፍታሉ፥ ፊታቸውን በውሃ ይታጠባሉ፥ ሬዲዮ ከፍ ያደርጋሉ፥ ቆሎ ይቆረጥማሉ፥ ጉንጫቸውን በጥፊ የሚመቱም አሉ። በእንግሊዝ አገር የላፍበሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የደከሙ ነጂዎችን በመኪና አምሳል በተሠራ መሣሪያ ላይ አስቀምጠው ቢፈትኗቸው፥ ቀዝቃዛ አየርና ሬዲዮ የሚጠቅሙት እጅግ ጥቂትና ለአጭር ጊዜ መሆኑን አገኙ። እነዚህ ነገሮች የሚረዱት መኪናውን የሚያቆሙበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው። ጫትም እንዲሁ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ሰውነትን ያነሣሣል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ምርቃናው ሲለቅ የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ያም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ንጋት ሲሆን፥ ከፍ ብለን እንዳልነው የሰውነት ሰዓት ራሱ የሚደክምበት ነው።

ቡና ግን በእውነት ይረዳል፤ ነገር ግን እንደ ተጠጣ ወዲያው አይደለም። ካፌይኑ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የላፍበሮዎቹ ሰዎች ያገኙት መልካም ዘዴ፥ ነጂው ቡናውን አስቀድሞ ጠጥቶ ወዲያው ከ15 ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ካፌይኑ አንጐሉ ዘንድ ሲደርስ እርሱም ከእንቅልፉ ይነሣል። ይህን ሳነብ በልቤ ሣቅሁ፤ በአገራችን ይህ ዘዴ ያለ ተመራማሪ ሊደረግ የሚችል ነውና። በመንገድ ዳር ከተማ ቡና በሚፈላበት ቤት አጠገብ መኪናውን አቁሞ፥ ነጂው አቦሉን ጠጥቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ይተኛ። ሌሎቹ ቶናውንና በረካውን እስኪጠጡ ድረስ የሚበቃው ጊዜ ያልፋል። በረካው ሲቀዳ ይቀስቅሱት። ከዚያም ወዲያው አይንዳ፤ ፊቱን ታጥቦ ጥቂት ይመላለስ፥ ሰው ከእንቅልፉ እንደ ተነሣ አእምሮው ለጥቂት ጊዜ ይደነዝዛልና። ከግማሽ ሰዓት በላይ የተኛ ሰው ደግሞ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ስለሚገባ ድንዛዜው ይብስበታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ላጣው ሰው ጥቂት ድጋፍ ነው እንጂ፥ እንደ አማቼ ሁለት ቀን ላልተኛ ሰው መድኃኒት አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒቱ አልጋ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕግ የጭነት መኪና ነጂ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ይገደዳል። በእኛም አገር የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ለብዙ ዘመን በንጋት ተነሥተው፥ ሲመሽ ከተማ ገብተው ያድሩ ነበር፤ ያ ሥርዓት ተሳፋሪውን ቢያሰለችም የብዙ ሰው ሕይወት ጠብቋል ብዬ አምናለሁ። የራሱን መኪና የሚነዳውን አባወራ ግን ሊያዙት የሚገባቸው በመኪናው ውስጥ ያሉት ናቸው።

ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች፥ በፊት ወንበር ለሚቀመጡትም ሁሉ የምለው አለኝ። ነጂው ደጋግሞ ሲያዛጋ፥ ዓይኑን ሲያሽ፥ መኪናው ወደ መስመሩ ጠርዝ ሲያዘነብል፥ «ያችን ከተማ አለፍን እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ ያን ጊዜ ሊፈረድለት የሚገባው በእርሱ አይደለም፤ የደከመ ሰው የድካሙን ልክ አያውቅምና። በፊት ወንበር የተቀመጠው ሰው መተኛት የለበትም፤ መተኛት ከፈለገ ከኋላ ካለው ጋር ቦታ ይለዋወጥ። ከቤት የቀሩትም «የት ደረሳችሁ? ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» እያሉ በየሰዓቱ በስልክ ባይጠይቁ መልካም ነው፤ ለፍቅር ብለው የሚያደርጉት ቢሆንም ነጂውን ያስቸኵለዋል። የጉንፋን ኪኒን የሚወስድም ሰው፥ አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ፥ ከመንዳቱ በፊት ባለ መድኃኒቱን ይጠይቅ። ሌሊት እጅግ እያንኰራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥ፥ ቀንም የትም ተቀምጦ የሚያሸልብ ነጂ ካለ ሚስቱ ወደ ሐኪም ትውሰደው፤ ይህ ሊታከም የሚችል ሕመም ነው። እርሱ ራሱ ተኝቶ ስለሆነ አይሰማውም፤ የምትሰማው እርስዋ ናት።

በቅዱስ መጽሐፍ በጢሮአዳ ቅዱስ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር፥ በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ከብዶት ከሦስተኛው ደርብ ስለ ወደቀው ስለ አውጤኪስ እናነባለን። ስብከት ሲረዝም ተማሪዎች እየተጠቃቀሱ ያስታውሱት ነበር። እኔ ግን አሁን ሳነበው የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያ ጐልማሳ ከመውደቁ በፊት ማንገላጀጁን ያየ ሰው አጠገቡ አልነበረምን?

ባለፈው ዓመት ለእኅቴና ለልጆቿ በቡና ሰዓት ያን ሌሊት የሆነውን ነገርኋቸው፤ አማቼ ሁለት ጊዜ እንደ ጠየቀኝና እኔም ሁለት ጊዜ ምን እንደ መለስሁ። እኅቴ ዝም ብላ ክንዷን አሸች። አማቼ ግን፥ «ጋሼ፥ ይህማ ያለፈ ነው፤ አሁን ምን አመጣው?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። አሁንም ወደ ቁልቢ እንሄዳለን። በዓሉ ካለቀ በኋላ ግን ጭሮ ገብተን እናድራለን፤ ሲነጋም ቁርስ ቀምሰን እንነሣለን። እኔም ለዚያች ለአንዲት ቀን ፈቃድ የምጠይቅበትን ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ የማቀርበው ገና በኅዳር ወር ነው።