በባሉጥ በርሜል የሰነበተ ወይን

በግብዣ ላይ የቀረበልዎ ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ ቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ቢሸትዎ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ የባሉጥ እንጨት በርሜል የሰነበተ ሳይሆን አይቀርም።

በካሊፎርኒያ፣ በሊቨርሞር ሸለቆ፣ ሚስተር ካርል ዌንቲ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1883 የወይን እርሻ አቀኑ፤ ልጃቸው ኧርነስትም በ1912 ከፈረንሳይ፣ ከሞንፔልዬ፣ የሻርዶኔ ቅርንጫፍ አስመጥተው ተከሉ። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በአሜሪካ በሕግ ሲከለከል ብዙ ወይን ጠማቂዎች ቤታቸውን ዘጉ። ይህ ቤተ ሰብ ግን ለቅዳሴ የሚሆን ወይን እያዘጋጀ ተክሉን አቆየ። በ1936 «ሻርዶኔ» የሚለውን ስም በጠርሙስ ላይ በመጻፍ በአገሩ የመጀመሪያ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ከዚያ ተክል የወረደ ነው።

ቤቱ አንዱን ወይኑን ከፊሉን በበርሜል፣ ከፊሉን በብረት ጋን ያሳድራል፤ እንጨት ሲበዛ የፍሬው ጣዕም ይሸፈናልና። እኔም የዚሁ ሐሳብ ወገን ነኝ።