ጳጉሜን የማያውቀው ሲኮ

ስልክ የእጅ ሰዓትን ገደለው ከተባለ ቆይቷል። ጉብሬ ላይ ግን ገና ተዝካሩ አልወጣም። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ስልክ በማይገባበት የፈተና አዳራሽ ደግሞ ተማሪው ጊዜውን የሚያይበት ርካሽ ባለባትሪ ሰዓት ይፈልጋል። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሽምግልና የተቀመጡ አባቶች እጅ ላይ የሚታየው ሌላ ዓይነት ነው፤ የብረት ማሰሪያ ያለው፣ መስታወቱ የተጫረ፣ ከበድ ያለ። ከእነዚህ መካከል ፊቱ ላይ «ሲኮ» የሚል ስም፣ ከሥሩም በትንሽ ጋሻ ውስጥ «5» ቁጥር ያለበት አንዱ ነው። የዛሬው ትውውቃችን ከእሱ ጋር ነው።

ሲኮ ፋይቭ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አምስቱ ነገሮች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፦ ራሱን በራሱ ይሞላል፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውኃ ይችላል፣ ማስተካከያ ቁልፉ እጅ እንዳይወጋ 4 ቁጥር አጠገብ ገባ ብሎ ተቀምጧል፣ አካሉም ጠንካራ ነው። ዓላማው ደመወዝተኛ የሚገዛው፣ ብዙ ጥገና የማይጠይቅ ሰዓት መሥራት ነበር። በዓመቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ መጣ፤ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ የውድድሩን ጊዜ የመያዝ ኃላፊነት የነበረው ይኸው ሲኮ ነው።

ውስጡ ባትሪ የለም። ጀርባው ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ግማሽ ክብ ብረት ነው። እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ብረቱ በክብደቱ ይዞርና ሞላውን ይጠመጥማል። ባለሁለት ጥፍር የሆነች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ብረቱ ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ፣ ሞላውን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ትስበዋለች። ሞላው ሲላላ ጉልበቱ በጥርሶቹ በኩል አልፎ ሚዛኑ ጋ ይደርሳል፤ ሚዛኑም በሰከንድ 6 ጊዜ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል። ሰከንድ ቆጣሪው የሚንሸራተት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ የሽንብራ ክክ በምታህል ባትሪ የሚሠራው ሰዓት ግን በየሰከንዱ አንድ ጊዜ ይዘላል። ከእጅ የወለቀ ሲኮ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይቆማል። ብዙዎቹ ቁልፉን ቢያዞሩት እንኳ አይሞሉም፤ መድኃኒታቸው ማወዛወዝ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ጃፓኖቹ አላሰቡበትም፤ የኛን አቆጣጠር። ሰዓቱን እንደ ፈረንጅ የሞላ ሰው ትንሹ ዘንግ 8 ላይ ሲደርስ «ሁለት ሰዓት ሆነ» ይላል፤ የ8 ትይዩ 2 ነውና ዓይኑ ማዶ ማዶውን ያነባል። ባለቁጥሩ ካሲዮ ማዶ ስለሌለው ያለው ምርጫ በሐሳብ ስድስት መቀነስ ወይም ከነጭራሹ በኛ ሰዓት መሙላት ነው። ሲኮውንም በኛ ሰዓት የሚሞሉ አሉ፤ ያኔ ጣጣው ወደ ቀን ማሳያው ይዞራል። ቀኑ የሚገለበጠው ዘንጎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው። በኛ አሞላል ይህ ወይ ንጋት ወይ ምሽት 12 ሰዓት ይሆናል። ምሽት ላይ የዋለ እንደሆነ ሰዓቱ ከእራት በፊት ነገን ያውጃል፤ ቀኑን ከዋዜማው ለሚጀምር ሰው ብዙም አያስከፋ ይሆናል።

የቀን መቁጠሪያው ጎማ 31 ቁጥር አለው። በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሄድ ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ያርመዋል። የኛ 12 ወሮች ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መባቻ 31ን ማሳለፍ ግድ ነው። ባለአምስት ቀኗ ጳጉሜ ስታልቅ ደግሞ ሰዓቱ ገና ስድስተኛውን ቀን ያሳያል፤ እንቁጣጣሽን ለማሳየት ቁጥሩን 26 ጊዜ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በድምሩ በዓመት 13 እርማት መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ ከዚህ አላመለጡም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የነበረ የተባለ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት እንዲወጣ ተደርጓል። ያ ሰዓት የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ራሱ ለይቶ ያውቃል፤ ጳጉሜን ግን አያውቃትም።

የሲኮ ጀርባ ለወራሽ ጠቃሚ ነገር ይዟል። አንደኛው ባለአራት አኃዝ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 7009 የውስጡን ማሽን ዓይነት ይናገራል። ሌላው ባለስድስት አኃዝ መለያ ነው። የመለያው የመጀመሪያ አኃዝ የተሠራበት ዓመት መጨረሻ ሲሆን ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ከ1 እስከ 9 በቁጥር፣ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር በስማቸው መነሻ ፊደል ይጻፋሉ። የ7009 መለያ በ8 ጀምሮ ቀጥሎ የኖቬምበር ፊደል ካለበት፣ ሰዓቱ የተሠራው በ1978 ወይም በ1988 ኖቬምበር ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። እዚህ ላይ የቤተሰብ ወሬ ይገባል፦ አባት ሰዓቱን ያሰሩት ከጋብቻ በፊት ነው ወይስ ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ?

ወሬው ደግሞ አይጠፋም። አዲስ አበባ ሠርቶ የሚያድረው የጉራጌ ልጅ ለመስቀል አገሩ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ ለአባት የሚያመጣው ሰዓት የንግዱን መቃናት ለመንደሩ ሁሉ ያሳያል። ዕቁብ ደርሶት የገዛ አለ፤ ከጅዳ ወይም ከቤሩት እህት የላከችለት አለ፤ ለምርቃቱ የተሸለመ አለ። እንዲህ ያለውን ሰዓት ሰዎች የሚወዱት በትክክለኛነቱ አይደለም። በቀን በሰከንዶች ይፈጥናል ወይም ይዘገያል፤ በዚህ በኩል ተማሪው ያሰረው ርካሽ ባለባትሪ ይበልጠዋል።

ስለዚህ የአባቱን ሲኮ የወረሰ ሰው ሁለት ነገር ቢያደርግ አይጎዳም። ሰዓት ሠሪው ፊቱን እንደ አዲስ ልቀባው ቢለው እሺ አይበል፤ የተቀባ ፊት ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ዘይትና ጽዳት ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ ማን እንደገዛው፣ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው መስቀል እንደመጣ ታላላቆቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በወረቀት ያስፍር። ፋብሪካው ዓመቱንና ወሩን ጽፏል፤ አሥርቱን ዓመት የሚያውቁት አክስትና አጎት ናቸው።