የቃቁን ጉብታና 1700 የሚባለው መስመር

ከናሕሊኤል ወደ ደቡብ ምሥራቅ በመኪና ትንሽ ስትሄዱ ቃቁን የሚባል ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ግንቡን የሠሩት የመስቀል ጦረኞች ናቸው፤ በኋላ የማምሉኮች ሱልጣን ባይባርስ ይዞ አጠናከረው። በ1271 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የእንግሊዙ ልዑል ኤድዋርድ ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም።

በኤድዋርድ አገር ነገሩ ሌላ ነበር። በ1066 እንግሊዝን የወረሩት ኖርማኖች ቦይ ይቆፍሩና የወጣውን አፈር ከምረው፣ በላዩ የእንጨት ግንብ ያቆሙ ነበር። እንጨቱ በስብሶ አለቀ፣ የአፈሩ ክምር ግን ዛሬም አለ፤ ሕግም ይጠብቀዋል። እዚያ ከ1882 ጀምሮ የሚጠበቀው ቦታ በስሙ ይመዘገባል።

እኛ አገር ግን የሚወስነው ዕድሜ ነው። በ1978ቱ የአቲኮት ሕግ፣ ሰው ከ1700 በፊት የሠራው ሁሉ፣ ማንም ባይመዘግበው እንኳ፣ ቅርስ ነው። ቃቁን ላይ አሮጌ ሳንቲም ብታገኙ የመንግሥት ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ ለራሹት ሃአቲኮት ማሳወቅ አለባችሁ። ብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ መዞርማ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ከ1700 ወዲህ የተሠራውስ? ሚኒስትሩ ቅርስ ነው ብሎ ካላወጀ ይሄ ሕግ አያውቀውም። እስቲ ጎንደር ላይ ሞክሩት። ዐፄ ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ስለሆነ ግንባቸው ያልፋል፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግን 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ስለሆነ ይወድቃል! ዩኔስኮ እንዲህ አልቆረጠም፤ በ1979 ፋሲል ግቢን ሲመዘግብ ሁለቱንም አብሮ ነው። ጎንደርን ከገነቡት ግንበኞች መካከል ደግሞ ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

የእኛ ሰው እዚህ አገር የሠራው ሁሉ ከመስመሩ ወዲህ ነው፦ አባቶቻችን ሲመጡ የገቡበት የካራቫን ሰፈር፣ ቄሶቹ የጸለዩበት የመጀመሪያው ቤት። ለእንዲህ ዓይነቱ ያለው መንገድ የፕላንና የግንባታ ሕግ ነው። ከ1991 ጀምሮ እያንዳንዱ የአካባቢ ኮሚቴ የጥበቃ ዝርዝር፣ ማለትም ረሺማት ሺሙር፣ ማዘጋጀት አለበት። የሐደራ ኻን፣ የ1891 ሰፋሪዎች መጀመሪያ ያደሩበት፣ ከ1700 በኋላ የተሠራ ሆኖ ዛሬ ሙዚየም ነው። ዕድሜው አይደለም ያዳነው፤ ታሪኬ ነው ብሎ የያዘው ሰው ስለነበረ ነው። ከናሕሊኤል እናንተ የትኛውን ቤት ትጽፉ ነበር?